እማየ በሕይወት አለች

ዘንገና፣ ጥቅምት ፳፮ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአበረ
አስመራ፣ ጦር ሰፈር

ወንድም ዓለሜ፣ ናፍቆቴ በወረቀት የሚያልቅ አይደለምና ሰላምታየን አሳጥሬ ወደ ነገሬ ልግባ። እማየ ታማለች፤ ና።

ይህን አንብበህ ወዲያው ማልቀስ እንዳትጀምር፤ አውቅሃለሁ። አባታችን ያረፈ ጊዜ «ትንሽ አሞታልና ና» ብለን ጽፈንልህ፣ ስትደርስ አርባው ወጥቶ ነበር። መርዶ በደብዳቤ አይነገርም ስለሚባል ነው እንጂ ልንዋሽህ ፈልገን አልነበረም። አሁን ግን እውነቱን ብጽፍ ማን ያምነኛል? እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። «አበቃላት» ብለህ ለተዝካሩ ትደርሳለህ ብየ ፈራሁ። እማየ በሕይወት አለች፤ ማየት የምትፈልገውም አንተን ነው። የትናንት ውሏችንን ልንገርህና አንተው ፍረድ።

ትናንት የሐይቁን አፋፍ ገብስ በደቦ አጨድን። እማየ ቤት አልቀርም ስላለች ባሌ ምህረቴ አዝሎ ወሰዳት። ከኮሶው ጥላ ሲያወርዳት «ከእሷ አንድ ሸክም ነዶ ይከብዳል» አለኝና ፊቱን አዞረ።

አፏ ግን አልታመመም። የተሸከማት ውለታ ሳይታወሳት፣ ምህረቴ ያጨደውን አይታ በአገውኛ «ይህን ሰው ነው ያጨደው ወይስ ፍየል ነው የበላው?» ብትለው ደቦው ሁሉ ሳቀ። ድንች በፍም ቀብረን ስናወጣ «ለእኔም» ብላ ተቀበለች፤ እየነፋች ያዘችው እንጂ አልበላችውም። ከዳሩ ካልደረሰው ገብስ እሸት ጠብሼ አሸሁላት። ሦስት ፍሬ አኝካ «ጥርሱ ሄደ እንጂ ጣዕሙስ ያው ነው» አለች። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ሲነሣ ነጠላዋን ገልጣ ፊቷን ሰጠችው። እንዲያ ደስ ብሏት ካየሁ ቆየሁ። እኔ ነዶ የምከምር መስየ ከክምሩ ጀርባ አለቀስሁ። እግሯ አብጧል፣ አበረ። የእንጅባራው ድሬሰር ሁለት ጊዜ መርፌ ወጋትና በሦስተኛው «ከእንግዲህ ቤቷ ትሁን» አለን።

«አበረ እንዲያምነኝ ምን ብየ ልጻፍለት?» ብየ ጠየቅኋት።

«የአባቱን ማጭድ ሐይቅ ውስጥ የጣለው እሱ ነው። እኔ ነኝ ያጠፋሁት ስላልሁ አባቱ ሦስት ቀን አኩርፎኛል። ይህን ከእኔና ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። እሱን ጻፊለት» አለችኝ።

ይኸው ጻፍሁልህ። አንተ አስመሳይ! ያን ቀን ማጭዱን አብረኸኝ ስትፈልግ እንደዋልህ ትዝ አለኝና በዚህ ሐዘኔ መካከል ሳቅሁብህ።

አለቃህን ለምነህ ይህ ደብዳቤ እንደ ደረሰህ ተነሥ። ጊዮርጊስ መንገዱን ያሳጥርልህ፤ እሷንም ለዓይንህ ያቆይልህ።

መኪናው ዳንግላ ሲቆም አጎታችን ገብረ ማርያም ጋሪያቸውን ይዘው ከዚያ አይጠፉም። «ቶሎ ሂድ» ካሉህ እህል ሳትቀምስ ቀጥል። «ደክሞሃል፣ ዛሬ እኔ ዘንድ እደር» ካሉህ ግን እሺ ብለህ እደር፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስቸኩልህ ነገር የለም።

እህትህ ማናለብሽ