ያልነገራችሁኝ ጾም

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለእትዬ ቬርላ፤

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽ ኬንትስ እንዴት ነው፣ ወገቡን ተሻለው? የብሬት ሳል ለቀቀው ወይ? ጃኔልስ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት? የድንቹ ቡቃያስ እንዴት ነው፣ ውርጭ አልመታውም? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍልሽ ውሸት ይሆንብኛል። ውሸት ደግሞ ሰሞኑን ጠግቤአለሁ፤ ያጠገባችሁኝም እናንተው ናችሁ። እንዲህ ስል አትደንግጪ። የአባዬን ነገር አውቄአለሁ እትዬ።

የነገረኝ ልጅ ክፋት የለበትም። ባለፈው ሐሙስ በዚህ አካባቢ ያለን ሚሲዮናውያን በሙሉ ለስብሰባ ተጠርተን ነበር። ከአዲሶቹ መካከል ከወንዛችን ማዶ ያሉት፣ የላም እርባታ ያላቸው የነሶረንሰን ልጅ አለ። ከአገር ቤት ከወጣ ገና ወሩ ነው። ምሳ ላይ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና ዳቦውን እየገመጠ «አባትህ እንዴት ሆኑ፣ ተሻላቸው?» አለኝ። «አባቴ ምን ሆኖ?» አልኩት። «በሜይ መጀመሪያ እሁድ ሸለቆው ሁሉ የጾመው ለእሳቸው አይደል እንዴ? የናንተም ሰፈር፣ የኛም ሰፈር፣ ሕፃን ሳይቀር…» ብሎ ጀመረና ፊቴን ሲያየው ዳቦውን ሳህኑ ላይ መለሰው። «ጉበታቸውን ነው አሉ» አለኝ ቀስ ብሎ። ከዚያ በኋላ ይቅርታ ሲለምነኝ ዋለ፤ እኔው ነኝ ያጽናናሁት።

የእናቶች ቀን ዕለት የደወልኩላችሁ ለካ ከጾሙ ሳምንት በኋላ ነበር። መቼም ታውቂዋለሽ፣ የእኛ የሚሲዮናውያን ደንብ ነውና ድምፃችሁን የምሰማው በገናና በእናቶች ቀን ብቻ ነው። አባዬን አቅርቡልኝ ስላችሁ ስልኩን ከእማዬ እጅ ተቀብለሽ «ውሃ ሊያዞር ማሳ ወርዷል» ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ስትዋሺ ጆሮሽ እንደ ቲማቲም የሚቀላው አንቺ። በስልክ ጆሮ አይታይ። «እሁድ ቀን፣ ያውም በበዓል፣ ምን ውሃ ነው የሚያዞረው?» ብዬ እንኳ አልጠየቅኩሽም፤ አመንኩሽ።

ያችን የጾም እሁድ እዚህ ምን ስሠራ እንደዋልኩ ልንገርሽ። የወሩ የመጀመሪያ እሁድ ስለሆነ እኔም እንደ ሁልጊዜው ጾሜ ነበር። እኔና ጓደኛዬ ፊፊታ፣ ያ ስለ እሱ የጻፍኩልሽ ግዙፉ የቶንጋ ልጅ፣ የጾምነው ሚስተር ጌዲስ ለሚባሉ ሽማግሌ ነው። ከመርከብ ሥራ በጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። ትምህርቱን ወደውታል፤ ለመጠመቅ የቀራቸው እንደ ሕጋችን ሻይ መተው ብቻ ነው። «ውስኪዬን ተውኩላችሁ፣ ፒፓዬን ተውኩላችሁ፣ ሻዬን ግን ለመቃብሬ ተዉልኝ» ይሉናል። እኛም ጌታ ያበርታቸው ብለን እህል ውሃ ሳንቀምስ ዋልን። እናንተ ስለ አባቴ ነፍስ ስትጾሙ የገዛ ልጁ ስለ አንድ ስኒ ሻይ ይጾም ነበር ማለት ነው። የማላውቀው የሩቅ ሰው ሁሉ ሲጾምለት እኔን ከጸሎቱ አስወጣችሁኝ። አንጀቴን የሚበላኝ ይኼ ነው።

በዚያው ሐሙስ የሚሲዮናችንን ፕሬዚዳንት ለይቼ አነጋገርኳቸው። እሳቸውም ያውቁ ኖሯል። «እናትህ ለምነውኝ ነው። አባትህ፣ ልጄ የጀመረውን ይጨርስ፣ ልቡን ለሁለት አትክፈሉበት ብለዋል» አሉኝ። ልሂድ ወይ ስላቸው «እስኪ ቤታችሁ ደውዬ ያለበትን ሁኔታ ልጠይቅ፤ ማክሰኞ ናና እንወስናለን» አሉ። እኔም እሺ ብዬ ወጣሁ። እሺ ማለት ነው እንግዲህ ያሳደጋችሁኝ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራ ሥራ አይባልም። ዝናቡ አያባራም፣ ጫማዬ ሌሊቱን ሙሉ አይደርቅም። ደረጃ እንወጣለን፣ እናንኳኳለን፣ ደረጃ እንወርዳለን። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታችን «ሽማግሌ» የሚለውን የሚሲዮናውያን ማዕረግ ደረታችን ላይ ለጥፈን ስንዞር የሰፈሩ ልጆች «ሞርሞኖቹ መጡ! አንተ ሽማግሌ፣ ጢምህን ማን ላጨብህ?» እያሉ ይከተሉናል። አንዱ ሰውዬ ደግሞ በሩን ገርበብ አድርጎ «ከአረንጓዴዎቹ ናችሁ ወይስ ከሰማያዊዎቹ?» አለን፤ እዚህ ሰው ሃይማኖትህን የሚያውቀው በምትደግፈው የኳስ ቡድን ነው። ፊፊታ «እኛ ራግቢ ነን» ቢለው ስቆ ዘጋብን። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። የሚከፍትልን ሲገኝ ቤተሰብ በሞት አይለያይም፣ ለዘላለም የታሰረ ነው ብዬ አስተምራለሁ። አምነዋለሁ እትዬ፣ አላመንኩም አልልሽም። ግን ቃሉ ሰሞኑን አፌ ውስጥ እንደ ደረቅ ዳቦ አልወርድ ብሎኛል፤ ፊፊታ ሲያየኝ ከአፌ ነጥቆ እሱ ይጨርስልኛል።

ቅዳሜ ሚስተር ጌዲስ ዘንድ ሄድን። ምን ሆንክ ሲሉኝ ልደብቃቸው አልቻልኩም፤ ጾሙንም ጭምር ነገርኳቸው። «በኔ ምክንያት ተርበህ ዋልክ? አባትህ እንዲያ ተኝቶ? እኔ እኮ የዚያን ዕለት ከሰዓት ሁለት ስኒ ጠጥቻለሁ፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «ስማኝ፣ እግዜር በር የሚያንኳኳለት ሰው አልቸገረውም። አባት ግን አንድ ነው። ተነስና ሂድ» አሉና ግድግዳው ላይ ያለውን ስልክ አሳዩኝ። ፊፊታ ደንብ የሚጥስ ልጅ አይደለም፤ ግን ወደ መስኮቱ ዞሮ ዝናቡን ያይ ጀመር። ስልኩን አነሳሁት። ቁጥራችንን ግማሽ ድረስ መታሁና እማዬ ብታነሳው ደግሞ ትዋሸኛለች ብዬ ፈራሁ፤ መልሼ ዘጋሁት። ነገ ማክሰኞ ፕሬዚዳንቱ ምንም ይበሉ ምን እመጣለሁ፤ ሻንጣዬን አስሬአለሁ። ምናልባት ይህ ደብዳቤ ከኔ በኋላ ይደርስ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ለአባዬ አልጋው ላይ አነብለታለሁ።

እትዬ፣ እስከዚህ የጻፍኩት ሰኞ ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው። ትናንት ሻንጣዬን ፊፊታ ተሸክሞልኝ ፕሬዚዳንቱ ቢሮ ስንደርስ እሳቸውና ባለቤታቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁን። እንደዚያ ቆመው ጠብቀውን አያውቁም። መርዶ መሆኑ ገብቶኝ ቃል ሳይወጣቸው በመጣሁበት ዞርኩ። ፊፊታ ሻንጣውን ጥሎ ያዘኝ፤ አልቅሶም አስለቀሰኝ። በነሱ አገር እንዲህ ባለ ጊዜ ወንድ ልጅ አያፍርም። ሰኞ ማታ ነው ያረፈው አሉኝ፤ አንቺ አጠገቡ ነበርሽ አሉ። እጁን ይዘሽው ነበር? እሱን ብቻ ጻፊልኝ።

ቀብሩ ቅዳሜ ነው፣ ከፈለግህ ትደርሳለህ፣ እናትህም ምርጫውን ለአንተ ትተዋል አሉኝ። አልመጣም እትዬ። እኔ ልመጣ የተነሳሁት እጁን ልይዝ ነበር፤ ሬሳ የሚሸኝለት ሰው አባዬ አያጣም፣ ሸለቆው ሁሉ ይወጣለታል። ቅዳሜ ከመድረኩ ላይ «ልጃቸው የጌታን ሥራ መርጦ ቀረ» ብለው ሲያመሰግኑኝ ትሰሚያለሽ። አይደለም። የቀረሁት ከሬሳ ሳጥኑ አጠገብ ከእማዬ ጎን ቆሜ የሰው እጅ መጨበጥ ስለማልችል ነው። ይህን አንቺ ብቻ እወቂው፤ ለሌላው ያሉትን ይበሉ። ሻንጣዬን ፈትቼአለሁ፤ ነገ ጠዋት ተመልሰን ደረጃ እንወጣለን። ሌላ የምሠራው አላውቅም።

እንግዲህ ኬንትን ወንድምህ በርታ ብሎሃል በይልኝ፤ ማሳውን ብቻውን ስለያዘው እግዚአብሔር ጉልበት ይስጠው። ብሬትንና ጃኔልን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። የሶረንሰን እናት ለቀብሩ ከመጡ ልጃቸው ጥፋት እንደሌለበት ንገሪያቸው። አንቺንም ጌታ ያጽናሽ፤ የዋሸሽኝን ትቼልሻለሁ።

እማዬን «አልተቀየመሽም» በይልኝ ልል ነበር። ግን ተቀይሜአታለሁ። ስለዚህ ምንም አትበያት፤ ዝም ብለሽ ሳሚልኝ።

ወንድምሽ ቴይን

ግላስጎው፣ ጁን 20 ቀን 1984 እ.ኤ.አ.