ኑኑ ሞቷል ወይስ አልሞተም

ሰኞ

ኑኑ ሞተ። ወይም ማህሌት ገደለችው። ወይም ብረቱ ረገጠው። መልሱ እንደ ተጠያቂው ነው።

የምጽፈው ለራሴ ቢሆንም፣ የዛሬ ዓመት ሳነበው ያበድኩ እንዳይመስለኝ ላብራራው። ማህሌት የእህቴ ልጅ ናት። ሀያት ጓደኛዋ ናት፤ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አንድ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ነው ያደጉት። የሀያት አባት ከብሎኩ ሥር ሱቅ አላቸው። ሁለቱ ልጆች፣ ልጆች ስል ኮሌጅ ጨርሰዋል፣ ኮሚክ ይሠራሉ። ግዙፍ ሮቦቶች የሚዋጉበት፣ በሥዕል የሚነገር ታሪክ። ሮቦቶቹን ማህሌት ትስላለች። እያንዳንዱ ሮቦት ደረቱ ውስጥ ከሌላ ፕላኔት የመጣ ትንሽ ፍጡር አለ፤ ያለ እሱ እግሩን አያነሳም። ፍጡሮቹ የሀያት ናቸው። መጀመሪያ «ባልደረባ» ብለናቸው ነበር። ሀያት «ባልደረባ የቢሮ ነው፣ ሸሪክ ይባሉ» አለች፤ የሱቅ ልጅ አይደለች! ሸሪክ ሆኑ።

እኔ የታፔላ ጸሐፊ ነኝ፤ ኮሚኩንም የሚሠሩት እኔ ሱቅ ውስጥ ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ የሰው ሱቅ ግድግዳ ላይ እየተሳሳትኩ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ሮቦቶቹ የሚናገሩትን በየአፋቸው ፊት በተሳለው ክብ ውስጥ እኔ እጽፋለሁ። ንግግሩን እነሱ ይሰጡኛል፣ እኔ ትንሽ ጨው ጣል አደርግበታለሁ። በመጀመሪያው እትም ብረቱ የሚባለው ሮቦት ከሰማይ ወደ ጦር ሜዳ ሲወርድ «ወራጅ አለ!» አስብዬዋለሁ። ማህሌት አኮረፈች። የብሎኩ ልጆች ግን እስከ ዛሬ ደረጃ ሲወርዱ ይሉታል።

ዛሬ ግን ጨዋታ አልነበረም። ሦስተኛው እትም ላይ፣ ማህሌት ለማንም ሳትነግር ብረቱ ቆርቆሮ የሚባለውን ጠላቱን ሮቦት ጥሎ ደረቱን ሲረግጠው ስላ መጣች። ደረቱ ውስጥ ኑኑ አለ። የሀያት ኑኑ፣ ባለ ሦስት እጁ።

«ገደልሽው!»

«ጦርነት ነዋ! በጦርነት ሰው ይሞታል።»

«ኑኑ ሰው አይደለም!»

እኔ ሳቅሁ። ማንም አልሳቀም። ሀያት የሳለቻቸውን ገጾች ሰብስባ ከሱቄ ወጣች። እርሳሶቿን እንኳ ረስታ።

ማክሰኞ

ማህሌት ብቻዬን እጨርሰዋለሁ ብላለች። ጠዋት አንድ ሸሪክ ስላ አሳየችኝ።

«ድንች ነው?» አልኳት።

«አጎቴ!»

ድንች ነው። ዓይን ያለው ድንች። ራሷም ታውቃለች፤ አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። የቀሩት ሮቦቶች ደረታቸው ባዶ ነው፣ ክፍት በር ይመስላሉ። ሀያት ካልተመለሰች ይኼ ኮሚክ እዚህ ያበቃል። ኮሚኩ ይቅር፣ ሌላ ይሳላል። እነዚህ ሁለት ልጆች ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዣንጥላ ሥር የሄዱ ናቸው።

ከሰዓት የሀያት አባት ሱቅ ሄድኩ፤ ሳሙና ልገዛ ነው ብዬ። ሳሙና ቤት ሞልቷል። ሀያት ነበረች።

«ለኑኑ ሰደቃ መቼ ነው? ሳልጠራ እንዳልቀር» አልኳት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳሙናውን ትወረውርብኝ ነበር። ዛሬ በፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ጋሽ ታዴ፣ መሞቱ አይደለም እኮ። ብትጠይቀኝ እኔ ራሴ እገድልላት ነበር። አልጠየቀችኝም» አለች።

ሳሙናዬን ይዤ ወጣሁ።

ረቡዕ

ጉድ ሠራሁ። ሆን ብዬ አይደለም። በሃይማኖቴ፣ ዛሬ ሆን ብዬ አይደለም።

ማህሌት ያቺን የመርገጫ ገጽ ሰጥታኝ ሄደች። ትልቅ ሥዕል ነው፤ እግሩ ብቻ ግማሽ ወረቀት ይዟል። ቃሊቲ የቆሙትን የጭነት መኪኖች እያየች ነው የሳለችው፣ ብሎኖቹ ሁሉ ይቆጠራሉ። የብረቱ ክብ ውስጥ «አበቃልህ!» ብለህ ጻፍ ብላኛለች።

የኔ ጠባይ ደግሞ ይታወቃል፤ የምጽፈውን ጮክ ብዬ ካላልኩት እጄ አይታዘዝም። ቀለም ነከርኩ፣ ብሩሹን ክቡ ላይ አሳረፍኩ። በዚህ መሃል ዝናቡ ያጨቀየው መንገድ ላይ አንዲት ሴት ዘንቢሏን እንደያዘች አዳለጣትና በቂጧ ተቀመጠች።

«እኔን!» ብዬ ጮህኩ።

ሴትየዋ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደህና ነኝ» ብላ ተነሳች። ወደ ወረቀቱ ስመለስ ብረቱም «እኔን!» ብሏል። በደማቅ ጥቁር ቀለም። አፌ ያለውን እጄ ጽፎታል።

በዓለም ላይ ጠላቱን ረግጦ «እኔን!» ያለ ሮቦት ይኼ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ነጭ ቀለም ልቀባበት አሰብኩ። ወረቀቱ ስስ ነው፣ ይሸበሸባል። ተውኩት።

ማህሌት ማታ መጥታ አየችው። «እርስዎ ጤና የለዎትም» አለችኝ።

አንቱታ ሲመጣ ነገሩ ከሯል ማለት ነው። በእኛ ቤት የሚከበረው የተጠላ ሰው ነው።

ሐሙስ

ማህሌት አልመጣችም። ስደውልም አላነሳችም።

ሀያት ግን መጣች፣ እርሳሶቿን ልትወስድ። ያቺ «እኔን!» የተጻፈባት ገጽ ጠረጴዛው ላይ ነበረች። ላለማየት ፊቷን አዞረች፣ ከዚያ አየች። መጀመሪያ ሳቀች፤ እንደ ድሮው፣ አፏን በሻርፗ ሸፍና። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

«ይኼን ያለው ብረቱ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ረግጦት ሲያበቃ?»

«ገና እግሩን ሳያነሳ።»

ጎንበስ ብላ ተመለከተች። «ማህሌት ናት ያስጻፈችው?»

እዚህ ላይ መዋሸት እችል ነበር። አዎ ብል ነገሩ ያልቅ ነበር መሰለኝ። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሳትጠየቅ አንድ ነገር የተሠራባት ልጅ ላይ ሌላ ልጨምርባት? የሴትየዋን፣ የጭቃውን፣ የእጄን ነገር ነገርኳት። እንደገና ሳቀች።

እርሳሶቿን ይዛ በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። «ግን ጋሽ ታዴ፣ ለሞተ ሰው እኔን አይባልም እኮ። ለወደቀ ነው የሚባለው።»

«እና?»

«እናማ ኑኑ ወድቋል እንጂ አልሞተም።»

ሄደች። ቤቷ ሂጂ ወይም ደውይላት አላልኳትም። ምላሴን ነከስኩ። ለኔ ቀላል ሥራ አይደለም።

ዓርብ

እህቴ ቤት ሄድኩ። ማህሌት አሁንም «እርስዎ» እያለችኝ ነው፤ ሻይ እንኳ በሁለት እጇ ነው የሰጠችኝ፣ ለማናደድ። ሀያት ያለችውን ነገርኳት።

«እናቴ ለቅሶ ላይ እኔን ትላለች» አለች።

«እኔ?» አለች እህቴ ከጓዳ። «መቼ? ለቅሶ ላይ ወይኔ ነው የምለው! እኔን የምለው ይኼ ወንድሜ ግድግዳ ሲመታው ነው።»

ማህሌት ይዤላት የመጣሁትን ገጽ ተቀብላ ብዙ አየቻት። «እንደዚህ ካለ፣ ሊገድለው አልፈለገም ማለት ነው» አለች፤ ለኔ አይደለም፣ ለወረቀቱ።

ያኔ ስለ ሳሙናው ቀን ነገርኳት። ብትጠይቀኝ እኔ ራሴ እገድልላት ነበር ማለቷን። ማህሌት ቀላች። ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ደረጃውን ስትወርድ በመስኮት አየሁ። የሀያት አባት ሱቅ ግን ከመስኮቱ አይታይም። ቶሎ ትመለሳለች ብዬ ሁለተኛ ሻይ ጠጣሁ፤ አልተመለሰችም። እህቴ «ተረጋጋ፣ ከማህሌት ይልቅ አንተ የተጣላህ መሰልክ» አለችኝ። ታክሲ እንዳያመልጠኝ ሄድኩ።

ቅዳሜ

ጠዋት ሳሪስ አቦ የአንድ ፀጉር ቤት ታፔላ ነበረብኝ። «ውበት» የሚለውን «ውሸት» ብዬ ልጽፍ ትንሽ ቀረኝ፤ ልቤ እዚያ አልነበረም።

ስመለስ ሁለቱም ሱቄ ውስጥ ናቸው። አንድ ወረቀት ላይ ተደፍተዋል። ሰላም ያለኝ የለም።

«ሦስተኛው እጁ አይሰበርም አልኩሽ!»

«ሮቦት ረግጦት? ሀያት፣ ትንሽ እንኳ?»

«ይበጥ። አይሰበርም።»

«እሺ ይበጥ።»

«ጠይቀሽኛል አይደል? ይበጥ።»

በትከሻቸው አጮልቄ አየሁ። ብረቱ ተንበርክኳል። ያ ሁሉ ብሎን ተንበርክኮ በአንድ ጣቱ የቆርቆሮን ደረት ከፍቷል። ከውስጥ ኑኑ ይወጣል፤ አንድ እጁ አብጧል፣ በሁለቱ የብረቱን ጣት ይዟል። ተናዷል፣ ፊቱ ይታያል። ግን ይዞታል። ጣቱ የማህሌት ነው፣ እጆቹ የሀያት። የት ጋ አንዷ አቁማ ሌላዋ እንደጀመረች ልለይ አልቻልኩም፣ እኔ የመስመር ሰው ሆኜ።

ብሩሼን አነሳሁ። አንድ ጥሩ ነገር አስቤ ነበር፣ ስለ ኑኑ።

«አጎቴ፣ አስቀምጥ» አለች ማህሌት። አንተ ብላኛለች!

«ክቡ የታለ?» አልኩ።

«ክብ የለውም» አለች ሀያት። «እዚህ ገጽ ላይ ማንም አያወራም።»

ብሩሼን አጠብኩ። በሩ ላይ ወንበር አውጥቼ መንገዱን እያየሁ ተቀመጥኩ። ሥራ ተከልክዬ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።