የአባትሽ የኪስ አፍ

ለልጄ ለዜማ፤ የዘጌ ገዳማት ጸሎት በገባሽበት ሁሉ ይጠብቅሽ። እንዴት ከርመሽልኛል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ሥራ ቀየርሁ ካልሽኝ ወዲህ ድምፅሽን ሳልሰማ ዐሥራ ሁለት ቀን ሆነኝ። የጎረቤታችን ልጅ መሲ አንቺ ወዳለሽበት ከተማ ስለምትመለስ ይህን በእጇ ላክሁልሽ።

ቤቱ የሚጠገን ልብስ ሞልቶበታል። ቁልፉ የረገፈ ሸሚዝ አለ፣ የተተረተረ አንሶላም አለ፤ ልቤ ያለው ግን ጥልፌ ላይ ነው። ለአንቺ የትራስ ልብስ ጀምሬ ታንኳና ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል እየጠለፍሁበት ነው። እሱን ስይዝ ትንሽ እረጋለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ቶሎ ወደ ጥልፌ ልመለስ ብዬ የአባትሽን የተቀደደ ኪስ በጥድፊያ ሰፋሁት። ለምሳ ሲመጣ በር ላይ ቆሞ፣ «ወለተ ኪዳን፣ የኪሴን አፍ እኮ ደፍነሽ ሰፍተሽዋል! ረፋዱን ሙሉ ሞባይሌን በእጄ ይዤ ዋልሁ» ብሎ ሳቀ። እኔም ልስቅ ስል እንባዬ ቀደመኝ።

ሳቁን ተወና፣ «የልጅቱ ነገር ነው አይደል?» አለኝ።

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ። ምላጭ አምጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና ስፌቱን ራሱ ይተረትር ጀመር። «ይኸን ለእኔ ተይው፤ አንቺ የእሷን ጨርሺ» አለ። እየተረተረም ደውለሽ እንደሆነ ብሎ ሁለት ጊዜ ሞባይሉን አንስቶ አየ። ለካ እሱም ችሎ ነው እንጂ እንደኔው ኖሯል።

አሁን የቀረኝ ዳሩ ብቻ ነው። የክሩን ቀለም እንድመርጥ አልጋሽን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። አንቺም አልጋው ላይ ቁጭ ብለሽ ብትነሺው ደስ ይለኛል። ኪዳነ ምሕረት ክፉውን ታርቅልሽ፣ በዓይነ ሥጋ ታገናኘን።

እናትሽ ወለተ ኪዳን፣ ከባሕር ዳር