በኩርፊያ ያለፈው ከሰዓት

ለውድ እህቴ ለእትዬ ላምዱዋን፣

እንደምን ከርመሻል እትዬ? ያ ጉልበትሽ በዝናቡ ተነሳብሽ ወይስ ዘንድሮ ማረሽ? ጋሼ ሱዋትስ የጎማውን ዛፍ ሊበጡ አሁንም በውድቅት ይነሳሉ? የሃት ያይ ሙቀትስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ አለን፣ ክፉ አይባልም።

ፕራጁዋብ ከሆስፒታል ወጥቷል። ዕጢውን ከጉሮሮው አውጥተውለታል፤ ሐኪሙም ይድናል ብሎኛል። ድምፁ ግን አብሮ ሄደ፣ ከእንግዲህ አይናገርም። በስልክ ልነግርሽ አፌ እምቢ ቢለኝ ነው የምጽፍልሽ።

መቼም ታውቂኛለሽ፤ እኔ ያገባሁት ሰውየውን ሳይሆን ድምፁን ነው። በቤተ መቅደሱ ሜዳ ሸራ ተወጥሮ ያ ድምፅ አልባ ፊልም ሲታይ፣ እሱ ከማሽኑ ጎን ማይክ ይዞ ወንዱንም፣ ሴቷንም፣ ሽፍታውንም፣ ውሻውንም ሆኖ ሲናገር ልቤ ጥፍት ይል ነበር። «አንቺ ከሌለሽ ጨረቃ ለምኔ!» ሲል ለእኔ ብቻ ያለው ይመስለኝ ነበር። አንቺ «ተይ፣ ይሄ ሰው በተውሶ አፍ ነው የሚያወራው» ብትይኝም ማን ሰምቶሽ! ቤት ስንገባ አፉን የሚከፍተው «ጣሪያው ያፈሳል» ወይም «ዳክዬዎቹ በሉ?» ለማለት ሆነ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያቺን አንዲት ቃል ጠበቅኩ። ልጅ ስወልድ ጠበቅኩ፣ ልጅ ስድር ጠበቅኩ። ወይ ፍንክች!

ኦፕራሲዮን ሊገባ ዋዜማ ከሰዓት፣ ሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ ጨክኜ ጠየቅኩት። «አንተ ሰው፣ ነገ ድምፅህ ይሄዳል። ለተዋናይቷ የምትላትን አንድ ጊዜ ብቻ ለእኔ በለኝ» አልኩት። እሱ ሆዬ ሳቀና «እንዴ! እሱ እኮ ቲኬት ለቆረጠ ነው» አይለኝ መሰለሽ!

ደሜ ፈላ። ጀርባዬን ሰጥቼው ቁጭ አልኩ። ቀልዱ እንዳልተሳካለት ሲያይ ማውራት ጀመረ። ያ ዝምተኛ ሰው እስኪመሽ አወራ። የጓሮው በር ማጠፊያ ስለወለቀ በሽቦ አስሬዋለሁ፣ አትነካኪው አለኝ። ጣሪያው ላይ ራስሽ እንዳትወጪ፣ ቡንፔንግን ጥሪው አለኝ። ወገብሽን ሲያምሽ ውሃ አትቅጂ አለኝ። ሌላም ብዙ ብዙ ነገር አለኝ። እኔ በሆዴ «ኤዲያ!» እያልኩ የምጠብቀው ያቺኑ ቃል ነበር። አንዴም ዞሬ አላየሁትም፤ እሺ እንኳ አላልኩትም። በኋላ ነርሷ መጥታ አስገባችው።

ባለፈው ሳምንት ቡንፔንግ፣ ያ ድሮ አብሮት ማሽኑን ያንቀሳቅስ የነበረው፣ የጥንት ካሴት ይዞ መጣ። ሊያጽናናኝ ነው፣ አይፈረድበትም። ሲከፍተው ጨረቃውም እንባውም መሐላውም ሁሉም አለ። ፕራጁዋብ ወንበሩ ላይ ሆኖ ያዳምጣል። እኔ ግን ቡንፔንግን አጥፋልኝ አልኩት። እዚያ ውስጥ የሚያወራው የፊልሙ ሰውዬ ነው፤ ባሌ የለበትም። ባሌ ያ በረንዳ ላይ ስለ በር ማጠፊያ ሲለፈልፍ የዋለው ነው፤ እሱን ደግሞ አኩርፌ አሳለፍኩት። ይቆጨኛል እትዬ፣ አንጀቴን ነው የሚያቃጥለኝ። ከነገረኝ ግማሹ ጠፍቶብኛል። «የዚያን ቀን ሌላ ምን ነበር ያልከኝ?» ብዬ ብጠይቀው ትንሽ አሰበ፣ እንደ ልማዱ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ከዚያ፣ ተራ ነገር ነው እንደሚል ሰው፣ እጁን አወናጨፈልኝ።

ለጋሼ ሱዋት አክብሮቴን አድርሺልኝ። ማሊን ለፈተናዋ በርቺ በያት፣ ትንሹን ቱንን ጉንጩን ሳሚልኝ። ፕራጁዋብም መዳፎቹን አጋጥሞ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይልሻል።

አንድ ነገር ልለምንሽ። እኔ ባኮረፍኩበት ዕለት ጠዋት ፕራጁዋብ ከሆስፒታሉ ስልክ ደውሎልሽ ነበር። ምን አለሽ? ስለ ዓሣ ዋጋም ቢሆን፣ ስለ ዝናብም ቢሆን፣ ከሰላምታው ጀምረሽ አንዲት ሳታስቀሪ ጻፊልኝ። ስሎ ከነበረም ሳሉን ጻፊልኝ።

እህትሽ ቶንግባይ
ያሶቶን፣ ሰኔ 3 ቀን 2538 በቡድሃ አቆጣጠር