የወረቀቱ ጀርባ

የካቲት 4

ዛሬም እንደ ትናንቱ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከሕንፃው ሥር ወዳለው ክፍሌ ወረድኩ። የገበያ ማዕከሉ ሲሸጥና ሲበላ ይውላል፤ እኔ የተረፈውን እለያለሁ። ካርቶን በግራ፣ ፕላስቲክ በቀኝ፣ ጠርሙስ ከግድግዳው ሥር። የምግብ ትራፊ ብቻ አስቸግሮኛል። ከሁሉም ጋር ተለውሶ ይመጣል... ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ባሌ ከሞተ ጀምሮ።

የቅናሽ ማስታወቂያ አገኘሁ፣ አንድ ክምር። ፊቱ ላይ ጫማ፣ ጀርባው ንጹሕ ነጭ። እንዴት ይጣላል? በክር ሰፍቼ ደብተር አደረግሁት። ይኸው እጽፍበታለሁ። ሰው የወረቀት ጀርባ አያይም። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

የካቲት 11

አዲስ ኢንጂነር ተቀጥራለች። ሕንፃውን ለአካባቢም ለሰውም የሚስማማ ታደርገዋለች ተብሎ። ከቢሮ አትወጣም ብዬ ነበር። ጓንት አጥልቃ እኔ ዘንድ መጣች።

«እማማ፣ እዚህ ቤት ምን ምን ይገባል?»

«ያልተበላ ሁሉ።»

ሳቀች። ከረጢቶቹን አብረን ዘረገፍን። ከሦስቱ ሁለቱ ልጣጭና ትራፊ። አላየሁትም ነበር? አይ፣ አይቻለሁ። የጠየቀኝ አልነበረም እንጂ።

«ይሄ እኮ አፈር ይሆናል» አልኳት። «መጽሐፍ ላይ አንብቤያለሁ። ምግብ ቤቶቹ ለብቻው ባልዲ ይያዙ፤ ለእኔ ከኋላ ግቢ አንድ ጥግ ይሰጠኝ።»

«ነገ እንጀምር» አለች።

ነገ! ደግሞ በማግስቱ ጀመረች... በዚህ ሕንፃ «ነገ» ሲባል ነገን ማለት ሲሆን ያየሁት ገና ዛሬ ነው። (ይህን መስመር የጨመርኩት በ12 ነው።)

የካቲት 27

ባልዲዎቹ ሥራ ጀመሩ፤ ከኋላ ግቢ ጥግም ጉድጓዴ ተቆፈረ። የምግብ ቤቱ አብሳይ «ደግሞ ልጣጭ በወግ በማዕረግ ይሸኝ ተባለ!» እያለ ያሾፋል። ይለያል ግን።

የደረጃው መብራት ሰው ሲመጣ የሚበራ፣ ሲሄድ የሚጠፋ ሆኗል። የኋላ በር ዘበኛው... ፊሽካ ከአፉ ስለማይወርድ ስሙም ፊሽካ ሆኖ ቀርቷል... ቆሞ ሲጠብቅ ጠፋበት። «እኔን ከሰው አልቆጠረኝም!» እያለ እጁን ሲያወናጭፍ ዋለ። ስቄ ሞትኩ።

መጋቢት 6

ኢንጂነሯ እቅዱን ሰጠችኝ። «አንብበው ያልጣመዎትን ይንገሩኝ።» ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጣራው ላይ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ፣ ለአረጋውያን መቀመጫ፣ ከፀሐይ የሚገኝ መብራት። ሁሉም ደግ። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ግን ደረስኩ። «የኋላ ግቢው ሣር ለብሶ መናፈሻ ይሆናል።»

ከኋላ ግቢው ላይ ማን አለ? አሥራ አንድ ሴቶች፣ ሸራ አንጥፈው አትክልት የሚሸጡ። ከመካከላቸው ካሮቷ። የድሮ ጎረቤቴ፣ የልቤ ሰው። ካሮት ስለምትሸጥ ነው ካሮቷ የምንላት።

ሌላ አገር ከብት ሣር ይበላል። እዚህ ሣር ሰው ሊበላ ነው።

መጋቢት 7

ለኢንጂነሯ ነገርኳት። ደነገጠች። «አሥራ አንድ ሴቶች? እኔ እኮ አላየኋቸውም።» እንዴት ታያቸዋለች? አለቆች ሲመጡ ፊሽካ ቀድሞ ያባርራቸዋል።

ይዣት ወጣሁ። ካሮቷ ቀና ብላ አየቻት።

«ግዢ ነው ጥናት?»

«ጥናት» አለች ልጅቷ፣ አፍራ።

«እንግዲያው ግማሽ ኪሎ ይዘሽ አጥኚ።»

ኪሎ ሙሉ ገዛች። ስንመለስ ደረጃው ላይ ቆመች። «ምድር ወለል ላይ ሦስት ሱቆች ሁለት ዓመት ሙሉ እንደተዘጉ ናቸው። ለምን እነሱ አይገቡባቸውም? አትክልቱ ከቅርብ የመጣ፣ ፕላስቲክ የሌለበት። ትራፊው ለእርስዎ ጉድጓድ። ሕንፃው የሚፈልገው ይኼን አይደል?» ብላኝ ሮጣ ሄደች። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። መብራቱ ጠፋብኝ።

መጋቢት 15

ኢንጂነሯ ሐሳቧን ለሕንፃው ሥራ አስኪያጅ አቀረበች። እምቢ አላት። «መሬት ላይ የሚሸጥ ሰው በዚህ ሕንፃ ውስጥ ታስቦ አያውቅም። ከጥንስሱም የለም። አለ ካልሽ ማስረጃ አምጪ።» ውሳኔው በ22 ነው። ከዚያ ሣሩ ይተከላል።

ማስረጃ...

ሳጥኔ ውስጥ አለ።

መጋቢት 16

ልጻፈው። አሥራ ሰባት ዓመት ያልጻፍኩትን።

ሕንፃው ሳይቆም እዚህ ሜዳ ላይ ገበያ ነበር። አርባ ሴቶች ነበርን፤ ካሮቷ ከጎኔ። አንድ ቀን ወረቀት መጣ። ከሴቶቹ የማነብ እኔ ብቻ፤ ያውም ፊደልን ከመጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ለቅሜ። ባሌ «ሚስቴ ታንብብላችሁ!» ብሎ በርሜል ላይ አቆመኝ። ፊቱን አነበብኩ፤ በሁለት ወር ልቀቁ ይላል። ገለበጥኩት። ደቃቅ ጽሕፈት፣ የሕግ ቃል። አንድ መስመር ሞከርኩ፤ ተደነቃቀፍኩ። ከኋላ አንዷ ሳቀች። ባሌን አየሁት... ኩራቱ ገና ከፊቱ አልወረደም።

«አለቀ» አልኩ።

አላለቀም ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ንባቤ ሲጠና፣ አወጣሁት። «በሠላሳ ቀን ውስጥ የተመዘገቡ ነጋዴዎች በአዲሱ ሕንፃ ምድር ወለል የመሸጫ ቦታ ያገኛሉ።» ማንም አልተመዘገበም። ማን ነግሯቸው? እኔም አፍሬ ዋጥኩት። ባሌ ሳያውቅ ሞተ። ምሕረት ነው ቅጣት?

ወረቀቱን ባወጣው ሴቶቹ ሊገቡ ይችላሉ። ግን ለምን ያኔ አልነገርሽንም ይሉኛል። ካሮቷን በየትኛው ዓይኔ ላያት ነው?

መጋቢት 18

ከቢሮው በፊት ለካሮቷ። እንደዚያ ወሰንኩ።

ካሮት ትቆልል ነበር። «ያኔ አለቀ ስላችሁ አላለቀም ነበር» አልኳት። ጀርባውን አነበብኩላት፣ እስከ መጨረሻው። እጇ ቆመ።

«ሠላሳ ቀን?»

«ሠላሳ ቀን።»

«አሥራ ሰባት ክረምት መታኝ እኮ።»

«አዎ።»

የያዘችውን ካሮት ክምሩ ላይ አኖረች። ከዚያ ቀስ ብላ፦ «ጭራሽ ባታነቢ ኖሮ ሌላ አንባቢ እንፈልግ ነበር። አንቺ ስላነበብሽ ነው የተቀመጥነው።»

እውነቷን ነው።

«ሂጂ፣ ስጫቸው» አለችኝ። «እኔን ግን ለጊዜው ተይኝ።»

መጋቢት 22

ሰጠሁ። ሥራ አስኪያጁ አገላብጦ አየው። «ጊዜው አልፎበታል።»

ኢንጂነሯ ልትናገር አፏን ከፈተች። እኔ ቀደምኳት። እኔ! በስብሰባ ላይ ሳል እንኳ የማልስል።

«ጊዜውን ያሳለፍኩት እኔ ነኝ፤ እነሱ አልተነገራቸውም። እርስዎ ታስቦ አያውቅም አሉ። ታስቧል። ማኅተሙን ይዩት፤ የዚሁ ሕንፃ ባለቤቶች ነው።»

ማኅተሙን አየ። መነጽሩን አውልቆ ደግሞ አየ። ለኢንጂነሯ «ሣሩን ጣራ ላይ አድርጊው» አላት። «ሱቆቹን ለአንድ ዓመት እንሞክራለን።»

ወረቀቱን አጥፌ ያዝኩና ወጣሁ።

ሚያዝያ 3

ካሮቷ ዛሬም ሰላምታዬን አልመለሰችም። ልጣጯን ግን ለይታ፣ በታጠበ ባልዲ፣ ጉድጓዴ ዳር አስቀምጣ ሄዳለች።

ሚያዝያ 19

የውሉ ቀን። አሥራ አንዱም ተሰበሰቡ። «ማን ያንብብላችሁ?» ተባሉ። ወደ እኔ የዞረ የለም። የዱሮውን ሰምተዋል፤ ካሮቷ ነግራቸዋለች።

«እሷ ታንብብ» አለች ራሷ ካሮቷ፣ ሳታየኝ። «ከእንግዲህ ከእሷ በላይ ተጠንቅቆ የሚያነብ ከየት ይመጣል?»

አነበብኩ። ቀስ ብዬ። አራተኛው አንቀጽ ላይ ቆምኩ። «ባልተነጣጠለ ኃላፊነት» ይላል። አንድ ጊዜ አየሁት፣ ሁለት ጊዜ። በርሜሉ ላይ የቆምኩ መሰለኝ።

«ይህን አላውቀውም» አልኩ ጮክ ብዬ። «ሳይነገረኝ አልፌ አላነብም።»

የሳቀ የለም። ኢንጂነሯ አስረዳች፦ አንዷ ብታጠፋ አሥራ አንዱም ይጠየቃሉ ማለት ነው።

ቤቱ ተናወጠ! «የሌላዋን ጥፋት እኔ ልሸከም? የባሌንም አልቻልኩት!» አለች ሎሚ ሻጯ። ተሰረዘ። እዚያው፣ ዓይናችን እያየ፣ ተፈርሞበት።

ስጨርስ ካሮቷ ተነሣች። ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ገለበጠችው።

«እዚህስ ምን አለ?»

«ባዶ ነው።»

ወደ መስኮቱ ይዛ፣ ብርሃን ላይ ዘርግታ አየችው። ለረጅም ጊዜ። ማንበብ እንደማትችል ሁላችንም እናውቃለን።

«ቀለሙን አምጡ» አለች። አውራ ጣቷን ነከረች።

ግንቦት 12

ዝናብ። ከጠዋት ጀምሮ ሳያባራ። ወጥቼ ምድር ወለሉን አየሁት። ካሮቷ ደረቅ ወንበር ላይ ተቀምጣ መስታወቱን ታያለች። ውኃው ከውጭ፣ እሷ ከውስጥ። ፊሽካ ፊሽካውን ኪሱ ከትቶ ሣጥን ይሸከማል፤ «ቀስ! ቲማቲም እንጂ ሌባ አልያዝክም!» ትለዋለች ሎሚ ሻጯ።

የመጀመሪያውን አፈር በወንፊት ነፋሁ። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ሽታው የዝናብ። ካሮቱን የሚያመጣው ገበሬ ሁለት ከረጢት ወሰደ። ያልተበላው ተመልሶ ሊበላ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ የክፍሌ በር ተንኳኳ። ካሮቷ። ከዚህ በፊት ወደዚህ ወርዳ አታውቅም። ካርቶን ላይ ተቀመጠች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። እኔም አልጠየቅኋትም። ከክምሩ አንድ የቅናሽ ወረቀት መዘዘች፣ ነጩን ወደ ላይ ገለበጠች፣ ከእርሳሴ ጋር ፊቴ አኖረችው።

«ጻፊልኝ።»

«ምን ልጻፍልሽ?»

«ፊደሉን ነዋ። ሁለተኛ በሰው ዓይን አላነብም። ያንቺም ዓይን ቢሆን።»

የመጀመሪያውን መስመር ጻፍኩላት። ሰባቱን። እርሳሱን እንደ ቢላ ጨብጣ ከሥሩ አስመስላ ጻፈችው፣ ምላሷን ነክሳ። ሦስተኛው ተንጋደደ። አርመዋለሁ ብል እጄን መታችኝ።

ወረቀቱን አጥፋ ከሽርጧ ኪስ ከተተች። በሩ ላይ ዞር ብላ «ነገ ሁለተኛውን» አለች።

ነገ፣ ነገን ማለቷ ነው።