ያልታጠበው ሉህ

ደሴ፣ ሆጤ፣ ግንቦት ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሙሄዲን፣ አሰብ።

አሰላሙ አለይኩም ወንድም ዓለም። እኛ ደኅና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ላሟ ወልዳለች።

ሮምን ለሦስት ወር እያዩ እንዲማሩ ጣሊያኖች ከወሰዷቸው ተማሪዎች ሁለቱ፣ ፈንታሁንና ስማቸው፣ በስምንተኛው ወር ተመለሱ። ኮምቦልቻ ወርጄ ተቀበልኋቸው። ስለ ልጄ ስለ በሺር ስጠይቅ ፈንታሁን «እትዬ፣ ትምህርት ጨምረውለት ነው የቀረ» አለኝ። ጓደኛው ስማቸው ግን «ትንሽ ብርድ መትቶት ነበር» አለ። ጫማቸው አዲስ ነው፤ ያምራል።

በሺር የሄደ ዕለት ቁርአን የጻፈበትን የእንጨት ሰሌዳ፣ ሉሁን፣ እንደ ወጋችን፣ እስኪመለስ አላጥበውም። ጎረቤቴ ጣይባ «እጠቢውና ለታናሹ ስጪው» ብትለኝ «ዛሬ ውሃ የለም» አልኋት። ምንጩ ደጃችን መሆኑን ታውቃለች።

መርከብ ሲገባ ወደቡ ብቅ ይበሉልኝ። በሺር አጭር ነውና ሰው ሁሉ ወርዶ ሳያልቅ አይመለሱ።

አላህ በደኅና ያገናኘን።

እህትዎ ከሪማ