ከመንገድ ስለማይታየው መስኮት

ይድረስ ለክቡር አቶ ኤልያቄም፣ የነባር ቤቶች መስኮት እድሳት ፕሮጀክት ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ነፋስ ስልክ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ባለው አሮጌ ቤት የምኖረው ብርነሽ እንግዳ፣ ደረትዎን ብርድ እንዳይመታዎት ዘወትር እጸልያለሁ። በእኛ ቤት የሚያመውን ደረት እርስዎ አንዴ ስለጨረሱልኝ ለሌላ ሰው የምጸልይበት ጊዜ አላጣም።

አስቀድሜ ላመስግን። ክረምቱ ሊገባ ሲል ባለሙያዎችዎ መጥተው የጥንት መልኩን ሳይለቅ ሙቀት የሚይዝ፣ መብራት የሚቆጥብ ባለ ድርብ መስታወት መስኮት እንደሚገጥሙልን ሲያበስሩን፣ ከሁላችንም አብልጦ የመረቀዎት ደረቱን የሚያመው ባለቤቴ ከበበው ነበር። የድሮዎቹን የእንጨት መስኮቶች ከፊትም ከጓሮም ነቅለው፣ ቅርስ ናቸው ብለው ሲጭኑም እስከ መኪናው የሸኛቸው እሱ ነው።

ቅሬታ እንዳይመስልብኝ እየሰጋሁ የሚከተሉትን ላስታውስዎ።

፩ኛ. በመንገዱ በኩል የተገጠሙት መስኮቶች እጅግ ያምራሉ። መንገደኛ የተሰጣ ልብስ እንዳያይ ተብሎ እንዳይከፈቱ መታሸጋቸውም አሳቢነትዎን ያሳያል። ከበበውን ሳሎን ብናስተኛው ትንፋሽ አጠረውና ወደ ጓሮ ክፍሉ መልሱኝ አለ።

፪ኛ. የጓሮው ክፍል መስኮት ቀዳዳ ሆኖ ቀረ። ያለ ፕሮጀክቱ ፈቃድ ሚስማር መምታት ያስቀጣል ስለተባልን ላስቲክ ወጠርንበት፤ ላስቲኩን የሐምሌ ዝናብ ቀደደው፣ እኛም ሌላ ወጠርን፣ እሱንም ቀደደው። አዲሱ እስኪመጣ አሮጌውን እንድትመልሱልን ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስለምን፣ ክቡርነትዎ ከወንበርዎ ሳይነሱ የሰጡኝን መልስ እስከ ዛሬ በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «እማማ፣ ከመንገድ የማይታይ መስኮት በፕሮጀክቱ አይካተትም።»

እውነትዎን ነው። ውስጡን ለቄስ እንዲሉ፣ ያንን ክፍል ገብቶ ያየው የንስሐ አባታችን ብቻ ነው። ከበበው ነሐሴን አልጨረሰም።

፫ኛ. ዕድራችን ደጃችን ላይ ድንኳን በተከለ ማግስት ሠራተኛዎ መጥቶ፣ እንግዶች ሊጎበኙ ስለሆነ ድንኳኑ አዲሶቹን መስኮቶች እንዳይከልል ወደ ጓሮ ይዙር አለን። የዕድሩ ዳኛ አቶ ነገሪ ሰው ፊት የማይቆጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ያን ቀን ግን ዱላቸውን ሲያነሡ አየሁ። ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። ድንኳኑን አዞርነው፤ ለቀስተኛውም ያንን ቀዳዳ ፊት ለፊቱ አድርጎ ተቀመጠ። እንግዶችዎ በመንገዱ በኩል ፎቶ ሲነሡ፣ እኛ በጓሮ በኩል ስናለቅስ ዋልን፤ ማንም ማንንም አልረበሸም። አዲሶቹ መስኮቶች ድምፅም እንደማያሳልፉ የተረዳሁት ያኔ ነው፤ ይህንንም በማስታወቂያዎ ላይ ቢጨምሩት።

ካሣ አልጠይቅም። ባለቤቴን ገድለውብኛል፤ ይህንን በአክብሮት አስታውቃለሁ።

በድርብ መስታወት የታሸገ፣ ከመንገድም በግልጽ የሚታይ አክብሮቴን እያቀረብኩ፣ ለመጪው ክረምት ለሌሎች ጎረቤቶቼ ያሰቡትን መልካም ሥራ እግዜር እንዲያስረሳዎት የምመኝ፣
ብርነሽ እንግዳ

ማሳሰቢያ፦ ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ የጓሯችንን መስኮት ከወንበርዎ ጀርባ ለጌጥ ተሰቅሎ አይቼዋለሁ። የግራው መዝጊያ አልገጥም ስለሚል ከበበው በጨርቅ ይወትፈው ነበር፤ እርስዎ አይቸገሩ፣ ከኋላው ያለው ግንብ ነው። መስኮታችንም ባለቤቴም አሁን ነፋስ የማይገባበት ቦታ አግኝተዋል።